የከፋ ቤተ ሰብና የመንግሥት ግምጃ ቤት

መንግሥት ያለ ግብር አይቆምም፤ ግብርም ያለ ገባር አይገኝም። ስለዚህ የአንድን መንግሥት ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የሹማምቱን ንግግር ብቻ ቢመረምር ነገሩን በግማሽ ያገኘዋል። ቀሪው ግማሽ የሚገኘው ከግምጃ ቤቱ መዝገብ ነው፤ ከማን ተወሰደ፥ ለምን ሥራ ዋለ፥ ለሰጪውስ ምን ተመለሰለት ብሎ በመጠየቅ። ሠርቶ የሚያድር ቤተ ሰብ ግን መዝገቡን ሳያይ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በጓዳው፥ በልጆቹ ልብስ፥ በበሽተኛውም መኝታ አጠገብ ያነብበዋልና።

ብሉይ ኪዳን ስለዚህ ነገር ታላቅ ምሳሌ ትቶአል። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱንና ቤተ መንግሥቱን ባሠራ ጊዜ ሕዝቡን ጉልበት አስገብሮ ነበረ። እርሱ ካረፈ በኋላ ሕዝቡ ወደ ልጁ ወደ ሮብዓም ቀርቦ ሸክሙን እንዲያቀልለት ለመነ። ሽማግሌዎቹ ልመናውን ይቀበል ዘንድ ንጉሡን መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ግን ይልቁን እንዲያከብድ ነገሩት። ንጉሡም የአብሮ አደጎቹን ምክር ስለ ወደደ ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ ዐሥሩ ከእጁ ወጡ፤ የጉልበት ግብር አለቃው አዶኒራምም ወደ እነርሱ በተላከ ጊዜ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ሮብዓምን የጐዳው ግብር መጠየቁ አልነበረም፤ ሕዝቡ ስለ ሸክሙ ሲናገር አለመስማቱ ነበረ።

ይህ የሸክም ነገር በኢትዮጵያ ምድር በግልጥ ከታየባቸው አገሮች አንዱ ከፋ ነው። ከፋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ከጅማ ወዲያ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የሚገኝ፥ ዝናም የማይርቀው የደን አገር ነው። ቡና ማንም ሳይተክለው በደን ውስጥ ይበቅላል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ከጥላው ሥር ይለቀማሉ፤ ቀፎም በረዥም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ማር ይቈረጥበታል። ሕዝቡ እንሰት ተክሎ ቆጮውን ይመገባል፤ ቡናውንና ማሩን ወደ ገበያ ያወጣል። በቦንጋ ዙርያም ሆነ በደካ፥ በጊምቦም ሆነ በደቻ የሚኖር ገበሬ ደኅና ገንዘብ የሚያየው ቡና በሚለቀምበት በጥቂት ወራት ነው። ስለዚህ ግብር መቼና በምን መልክ እንደሚጠየቅ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከ1890 ዓ.ም. በፊት ከፋ በራሱ ነገሥታት ይገዛ ነበረ። ንጉሡ ታቶ ይባል ነበረ፤ ሚኪሬቾ የሚባሉ አማካሪዎችም ነበሩት። አገሩ በቦይና በአጥር ተከልሎ በታወቁ በሮች ብቻ ይገባበት ነበረ፤ በእነዚያም በሮች ከነጋዴው ቀረጥ ይወሰድ ነበረ። ያ ዘመን ሸክም የሌለበት ዘመን አልነበረም፤ ሕዝቡ ይገብር፥ ቦይም ይቈፍር ነበረ፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበረ። ዳሩ ግን የተሰበሰበው በዚያው አገር ይበላ ነበረ፤ ቦዩም የሚቈፈረው የቈፋሪውን ቤት ለመጠበቅ ነበረ።

በ1889 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ከፋ ዘመቱ። ጦርነቱ ወራት ከፈጀ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ፤ ወደ ሸዋም ተወስደው በግዞት ሳሉ ሞቱ። ያን ጊዜ መንግሥቱ ለወታደሩ የሚከፍለው በቂ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ የወታደሩ ደመወዝ ገባር ሆነ፤ ለእያንዳንዱም እንደ ማዕርጉ ቤተ ሰብ እየተቈጠረ ይሰጠው ነበረ። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፤ የባለ መሬቱን እርሻ ያርሳል፤ አጥሩን ያጥራል፤ ጭነቱን ይሸከማል። ሚስቱም እህል ትፈጫለች፥ እንጨት ትለቅማለች። በዛሬው አነጋገር የጦሩ በጀት የተጻፈው በቤተ ሰብ ቍጥር ነበረ ማለት ነው።

የዚህ ሥርዐት ክፋቱ በሸክሙ ክብደት ብቻ አልነበረም፤ ልክ ባለመኖሩም ነበረ። ብር የሚከፈልበት ግብር ከተከፈለ በኋላ ያልቃል፤ ጉልበት የሚጠየቅበት ግብር ግን ጠያቂው እስኪበቃው ድረስ አያልቅም። ገባሩም ለማን ይጮህ ነበረ? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረት ለእርሱ ተረት ብቻ አልነበረም፤ ዳኛውም፥ ግብር ተቀባዩም፥ ባለ ጠመንጃውም አንድ ሰው ነበረና። ከዚህም የተነሣ ብዙው አገሩን እየለቀቀ ሸሸ። የባሪያ ፈንጋዮች በደል ሲጨመርበትም ሰፊው እርሻ ወደ ዱር ተመለሰ፤ ከ1910 ዓ.ም. ወዲህ በአገሩ ያለፉ መንገደኞችም ጠፍ የሆነውን መንደር አይተው ጽፈዋል። ገባሩ በሸሸ ጊዜ ወታደሩም ደመወዙን አጣ። ቤተ ሰብን የሚያጠፋ ግምጃ ቤት መጨረሻው ራሱን ማራቈት መሆኑ በዚያ ዘመን በግልጥ ታየ።

ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የቤተ ክርስቲያንን ድርሻ ሊሸሽግ አይገባውም። በደቡቡ አገር አብያተ ክርስቲያናት በተተከሉ ጊዜ ለካህናቱ የሰሞን መሬት ተሰጥቶአል፤ የዚያንም መሬት አገልግሎት የተሸከመው ይኸው ገባር ነበረ። ወንጌልን ይሰማ ዘንድ የተጠራው ሰው አስቀድሞ የሰማው የግብር ጥሪ ከሆነ፥ ጥፋቱ የወንጌል አይደለም፤ የጠሪዎቹ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በመጨረሻው በ55ኛው አንቀጽ አዲስ ነገር አመጣ። የመንግሥቱ ገቢ ሁሉ በየዓመቱ በሚወሰን በጀት መሠረት እንጂ እንዲያው እንዳይወጣ፥ በጀቱም በሁለቱ ምክር ቤቶች ተመክሮበት በንጉሠ ነገሥቱ እንዲጸድቅ አዘዘ። ምክር ቤቶቹ በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይም የኢጣልያ ወረራ ደረሰ። ቢሆንም የመንግሥት ወጪ ልክና መዝገብ ሊኖረው ይገባል የሚለው አሳብ ያን ጊዜ በሕግ ተጻፈ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር በብር ተቈረጠ፤ በአንድ ጋሻ ለለም 15፥ ለለም ጠፍ 10፥ ለጠፍ 5 ብር ሆነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥራቱ በገንዘብ ተተምኖ ከመሬቱ ግብር ጋር ሲደመር በጋሻ ለለም 50፥ ለለም ጠፍ 40፥ ለጠፍ 15 ብር ተወሰነ። የጉልበትና የዓይነት ግዴታውም በሕግ ቀረ። ይህ በእውነት ምሕረት ነበረ፤ ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ የሸክሙን ልክ በቍጥር አወቀ። ዳሩ ግን አዋጁ የሚቈጥረው ጋሻን እንጂ ቤተ ሰብን አልነበረም። አርባ ሄክታር ያህል የሆነውን አንድ ጋሻ የያዘ ባለ መሬት ግብሩን ከጭሰኛው ይወስድ ነበረ፤ ጭሰኛውም ከምርቱ ሢሶውን፥ በሌላውም ስፍራ እኩሌታውን ሰጥቶ የዐሥራቱን ብር ጨምሮ ይከፍል ነበረ። ሕጉ ባለ ርስቱን ግብር ከፋይ ብሎ ሲመዘግብ ግብሩ የሚወጣው ከሌላ ሰው ጓዳ ነበረ።

በዚያው ዘመን ከፋ የሚለው ስም ለሰፊ ጠቅላይ ግዛት ተሰጥቶ መቀመጫው ጅማ ሆነ፤ ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ሆና ቀረች። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፥ በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር በመሬት ላይ ተጨመረ። የሁለቱም ስም መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በደን ውስጥ የሚኖረው ከፋይ ትምህርት ቤቱንና ሐኪም ቤቱን የሚያየው ወደ ከተማ ለገበያ በወጣ ጊዜ ነበረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከውጭ ንግድ ከምታገኘው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ከቡና ነበረ። አገሪቱ ለጦር መሣሪያ፥ ለፋብሪካ ዕቃና ለነዳጅ የምትከፍለው የውጭ ገንዘብ በብዙው ከቡና ለቃሚው እጅ የወጣ ነበረ ማለት ነው። ቡና ለቃሚው ግን ቅርጫቱን የሚሸከምበት መንገድ ጭቃ ነበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ተሻረ። ያን ቀን በከፋ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ብዙ ሰው እፎይ አለ፤ የደስታውም ምክንያት እውነተኛ ነበረ። ዳሩ ግን ወዲያው ጦርነት በምሥራቅም በሰሜንም ተነሣ፤ ጦርነቱም የግምጃ ቤቱን ትልቅ ክፍል ይበላ ጀመረ። ከገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ተጠየቀ፤ ለእናት አገር ጥሪም መዋጮ ተሰበሰበ፤ በ1975 ዓ.ም. ከታወጀው ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት ወዲህም ልጁ ተወሰደ። ቡናውን ግን መንግሥት በቈረጠው ዋጋ ስለሚሸጥ፥ ቡናው በውጭ ገበያ ከሚያወጣው ለገበሬው የሚደርሰው ከግማሽ ያነሰ ነበረ። በመዝገብ ግብር ተብሎ ያልተጻፈው ይህ የዋጋ ልዩነት ከግብሩ ይልቅ ከባድ ነበረ። ብዙ ገበሬም ቡናውን ነቅሎ በሌላ ተክል ለመተካት ወይም በስውር ለመሸጥ ተገደደ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በፌዴሬሽን አዋቅሮ የገቢን ምንጭ ከፈለ። የጉምሩክ ቀረጥ ለፌዴራል መንግሥት ሆነ፤ ከግል ገበሬ የሚሰበሰበው የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ለክልሎች ሆነ። ሰፊው ምንጭ በማዕከል፥ ሰፊው ሥራ ግን በክልል ስለ ቀረ፥ ክልሎች የሚኖሩት በአብዛኛው ከፌዴራል በሚላክ ድጎማ ነው። የድጎማውም ማከፋፈያ ቀመር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1995 ዓ.ም. በደቡብ ክልልና በሌሎች ሦስት ክልሎች ይህ ድጎማ እስከ ወረዳ እንዲወርድ ተደረገ። የከፋ ወረዳዎችም የራሳቸውን በጀት የሚመድቡበት ዘመን መጣ።

ነገር ግን ከወረዳው በጀት አብዛኛው ለመምህራን፥ ለጤና ሠራተኞችና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ይውላል። ይህ ብክነት አይደለም፤ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት ባዶ ቤት ነውና። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ግን ለመጽሐፍ፥ ለመድኀኒት፥ ለድልድይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያ ጐድሎ የሚሞላው በሕዝብ መዋጮና ጉልበት ነው፤ ገበሬው ለመማሪያ ክፍሉ ግንብ ድንጋይ ያቀርባል፥ ለመንገዱ አፈር ይቈፍራል፥ ለጤና ኬላው ገንዘብ ያዋጣል። ይህ ከገባር ዘመን ጋር አንድ ነው የሚል ይሳሳታል፤ ትምህርት ቤቱ የአዋጪው ልጅ የሚማርበት ነውና። ቢሆንም ከመደበኛው ግብር በላይ የሚጠየቀው መዋጮ በመንግሥቱ የበጀት መዝገብ ስለማይታይ፥ የድኻው ቤተ ሰብ እውነተኛ ሸክም ከተጻፈው ይበልጣል።

የሩቅ አገር ግምጃ ቤትም ወደዚህ ወረዳ እጁን ይዘረጋል። በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ለጋሽ መንግሥታት በቀጥታ ለበጀት የሚሰጡትን እርዳታ አቆሙ፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ባንክ አማካይነት ገንዘቡ ለመሠረታዊ አገልግሎት፥ ይኸውም በወረዳ ለሚሠሩ ሠራተኞች ደመወዝ እንዲውል ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቆመ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል በኢትዮጵያ ተቋረጠ። በዋሽንግተን አንድ ፊርማ ሲፈረም በኢትዮጵያ ገጠር አንዲት ነፍሰ ጡር የምታውቀውን አስታማሚ ልታጣ ትችላለች።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ሥራ በተጀመረ ጊዜም በመላው አገሪቱ የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን በየወሩ እየከፈሉ ቦንድ ገዙ፤ ገበሬውም እንደ ዐቅሙ አዋጣ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ ሥራ ሕዝብ ዓላማውን ያወቀው ሸክም እንዴት እንደሚቀል ያሳያል፤ ሠራተኛው የሰጠው ምን እንደ ተሠራበት በዓይኑ አይቶአልና። የብርሃኑ ነገር ግን በየገጠሩ ቤት ገና አልተፈጸመም፤ ሰጪው የድርሻውን ብርሃን መጠበቁ ተገቢ ነው።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ውሳኔ ሕዝብ የከፋ፥ የሸካ፥ የቤንች ሸኮ፥ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር አንድ ክልል ይሆኑ ዘንድ ሕዝቡ መረጠ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ ግብሯን ወደ ሌላ ከተማ ስትልክ የኖረች ከተማ ራሷ የክልል ከተማ ስትሆን ደስታው ታላቅ ነበረ። ነገር ግን ክልሉ የተወለደው በሰሜን ጦርነት በነደደበት ዓመት፥ የአገሪቱ ግምጃ ቤት በተጨነቀበት ጊዜ ነበረ። አዲስ ክልል አዲስ ቢሮ፥ አዲስ ሹም፥ አዲስ መኪና ይፈልጋል፤ ይህም ሁሉ ከዚያው ከሚከፋፈለው ድጎማ ላይ የሚወጣ ነው።

የድጎማውን ነገር ቍጥሩ ይናገራል። ለ2015 በጀት ዓመት ከጸደቀው 786.6 ቢሊዮን ብር ለክልሎች ድጎማ የተመደበው 209.4 ቢሊዮን ነበረ፤ ከመቶ ብር 26 ብር ከግማሽ ያህል ማለት ነው። በ2017 በመጀመሪያ ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ሆነ፤ ከመቶው 23 ብር ያህል ነው። ለ2018 ከጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ደግሞ ለክልሎች የተመደበው 315 ቢሊዮን ያህል ነው፤ ከመቶው 16 ብር ገደማ። የብሩ ቍጥር አድጎአል፤ ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር በብዙ ረክሶአል፥ ከውጭ የሚመጣው መድኀኒትም ተወድዶአል። ፌዴራል መንግሥቱም ምክንያት አለው፤ ዕዳ መከፈል አለበት፥ የማዳበሪያ ድጎማም ለዚያው ለገበሬው ይመለሳል። ዳሩ ግን ከመቶው የሚወርደው ድርሻ ባነሰ ቍጥር የወረዳው ጐድሎ ይሰፋል፤ የወረዳው ጐድሎ በሰፋ ቍጥርም የመዋጮ ጥሪው ይበዛል።

ደመወዝተኛው ቤተ ሰብም ከዚህ አይለይም። ከ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ከደመወዝ ግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ 600 ብር ብቻ ነበረ። የእህልና የዘይት ዋጋ በየዓመቱ ሲያድግ ይህ ልክ ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቈየ፤ ስለዚህ በሻይና በቡና እርሻ የሚሠራው፥ በቢሮ የሚላላከውና ጥበቃው ሁሉ ሳይበለጽጉ ግብር ከፋዮች ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከ2018 በጀት ዓመት ጀምሮ ልኩን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልክ በዋጋ ንረት መጠን ካልተመረመረ ዘንድሮ የተሰጠው ምሕረት ከጥቂት ዓመት በኋላ ሟምቶ ይገኛል።

እንግዲህ የከፋ ቤተ ሰብ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ወዲህ አራት ዐይነት ግምጃ ቤት አይቶአል፤ በጉልበት የሚያስገብረውን፥ በጋሻ የሚቈጥረውን፥ በቡና ዋጋ በኩል የሚወስደውንና በድጎማ ቀመር የሚያከፋፍለውን። ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ጊዜ ሸክሙ በአንድ ወገን እየቀለለ መጥቶአል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በሌላ ወገን ግን በየዘመኑ አንድ ያልተመዘገበ ሸክም ቀርቶአል፤ ቀድሞ የጭሰኛው ብር፥ በኋላ የቡናው ዋጋ ልዩነት፥ ዛሬ መዋጮው። ቤተ ሰብን የሚጐዳው ከተጻፈው ይልቅ ይህ ያልተጻፈው ነው፤ ያልተጻፈውን ማንም አይከራከርበትምና።

በዛሬው ዘመን ገበሬው ከቀድሞው ገባር የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለው። የአገሪቱ በጀት በተመራጮች ምክር ቤት ፊት ይነበባል፤ የወረዳውም በጀት ለሕዝብ በሚታይ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ሥርዐት ወጥቶአል። ፊደል የቈጠረ የገበሬ ልጅ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ለአባቱ ቢያነብለት፥ አባትየውም ከለጠፉት ቍጥሮች አጠገብ የሰጠው የመዋጮ ብርና የቈፈረበት ቀን ስለ ምን እንዳልተጻፈ ቢጠይቅ፥ ይህ አመፅ አይደለም፤ የእስራኤል ሕዝብ ወደ ሮብዓም የቀረበበት ጥያቄ ነው። ምክሩን የሚሰጡ ሽማግሌዎች ዛሬም አልጠፉም። የሚያስፈልገው ያን ጊዜ የታጣው ሰሚ ጆሮ ነው።